የክረምት ዕረፍት የልጆች መርሐ ግብሮች በላሊበላና በላስታ

የክረምት ዕረፍት የልጆች መርሐ ግብሮች የሚባሉት መደበኛ ትምህርት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ ወራት ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የሚዘጋጁ ትምህርቶች፣ ሥልጠናዎችና የጋራ ክንውኖች ናቸው። በሰሜን ወሎ ዞን፣ በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋ እነዚህ መርሐ ግብሮች የቄስ ትምህርት ቤትን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶችን የክረምት ኮርስ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትን እንዲሁም የቡሄንና የአሸንድዬን በዓላት ዝግጅት ያጠቃልላሉ። ከአካባቢው ውጭ በዩኒቨርሲቲዎችና በፌዴራል ተቋማት የሚዘጋጁ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ካምፖችም አሉ።

በሌላ አገር «ካምፕ» ሲባል የሚታሰበው፣ ማለትም ከቤተሰቡ ተለይቶ በድንኳን ወይም በማደሪያ ቤት የሚሰነብት ልጅ፣ በላስታ እምብዛም የለም። ክረምት ለገበሬ ልጅ የሥራ ወቅት ነው። በአካባቢው ሥር የሰደዱት መርሐ ግብሮች ከእርሻውና ከከብቱ የሚተርፈውን ሰዓት የሚጠቀሙት ናቸው፤ ልጁን ሙሉ ቀን የሚፈልጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ወጥተው ገጠር አልገቡም።

ስያሜና መነሻ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትምህርት የሚዘጋው በሞቃቱ ወቅት ስለሆነ መርሐ ግብሩ በዚያው ወቅት ስም ይጠራል። በኢትዮጵያ ያው ጊዜ የዝናብ ወቅት በመሆኑ «የክረምት ካምፕ»፣ «የክረምት ኮርስ» ወይም «የክረምት ትምህርት» ይባላል። አልፎ አልፎ የሚታየው «የበጋ ካምፕ» የሚል ትርጉም አሳሳች ነው፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ በጋ ማለት ልጆች ክፍል ውስጥ የሚውሉባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ናቸውና።

የዘመናዊው ካምፕ ጅማሬ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ፍሬድሪክ ገን የተባለ የአሜሪካ መምህር እ.ኤ.አ. በ1861 በኮነቲከት ግዛት ተማሪዎቹን ይዞ ከወጣበት ጉዞ ነው። በስዊዘርላንድ ቄስ ዋልተር ቢዮን እ.ኤ.አ. በ1876 የዙሪክን ድኻ ልጆች ወደ ተራራ አየር ወሰዱ፤ ይህ ሐሳብ በኋላ በፈረንሳይና በሌሎች አገሮች ተስፋፋ። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 በክራይሚያ የባሕር ዳርቻ የአርቴክ ካምፕ ተከፈተ። ሦስቱም በዓላማ ቢለያዩም በጠባብ ክፍልና በከተማ ጭስ የከረመውን ልጅ ወደ ሜዳ፣ ወደ ተራራና ወደ ውኃ የሚያወጡ ነበሩ።

በላስታ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ተራራ ላይ ነው፤ እሳት ማንደድ፣ በዝናብ መጠለያ መሥራት፣ ወንዝ መሻገር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የሚጎድለው መጽሐፍ፣ መብራትና ለማጥናት የሚተርፍ ሰዓት ነው። ከውጭ የሚመጡ የካምፕ አሠራሮች እንዳሉ ሲገለበጡ የማይሠሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕረፍቱ የሚውልበት ጊዜ

የኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይጠናቀቃል። በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን አዘጋጅተው ካርድ ያድላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት የዕረፍት ናቸው። በመንፈቅ ዓመቱ መካከል፣ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ፣ አጭር ዕረፍት አለ።

የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ አካባቢው በጉም ይሸፈናል፤ ወደ ተከዜ የሚወርዱ ወንዞችና ጅረቶች ይሞላሉ፤ የገጠር መንገዶችም በጭቃ ይያዛሉ። በበጋ በእግር ተሻግሮ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ በክረምት ወንዙ እስኪጎድል ከዳር ቆሞ ይጠብቃል። በመሆኑም በላሊበላ የሚሰጥ የክረምት ትምህርት የሚደርሰው በአብዛኛው ለከተማዋና ለቅርብ ቀበሌዎች ልጆች ነው። በሹምሽሃ፣ በኩልመስክ፣ በገነተ ማርያምና በብልባላ ዙሪያ ላሉት የሚጠቅመው እዚያው የሚሰጠው ነው።

ክረምት የጎተራ መጉደያ ወቅትም ነው። ያለፈው ዓመት እህል ተሟጦ የአዲሱ ገብስና ባቄላ ገና ማሳ ላይ ያለበት ጊዜ በመሆኑ፣ በላስታ ተደጋግሞ የደረሰው የምግብ እጥረት በእነዚህ ወራት ይበረታል። የትምህርት ቤት ምገባ በሚሰጥበት ቦታ እንኳ ትምህርት ሲዘጋ ምገባውም ይቆማል። ይህ የክረምት መርሐ ግብር የሚያዘጋጁ አካላት ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ጉዳይ ነው፤ ባዶ ሆዱን ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሒሳብ የሚማር ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ቢቀር አያስገርምም።

ሥራ፣ እረኝነትና ከትምህርት መቅረት

በክረምት የላስታ ልጅ የሥራ ድርሻ በዕድሜና በጾታ የተከፋፈለ ነው። ትንንሾቹ ጥጃና በግ ይጠብቃሉ፤ ከፍ ያሉት ከብት ያግዳሉ፣ አረም ያርማሉ፣ በጓሮና በማሳ ዳር ቆመው ጭላዳና ወፍ ይከላከላሉ። ሴቶች ልጆች ከዚህ በተጨማሪ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያዝላሉ። ከብት የሚጠበቅበት መስክ የልጆች መገናኛም ነው፤ በመስኩ ላይ የጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ፣ ዋሽንት ይለማመዳሉ፣ ከጭቃ በሬና ጎጆ ይሠራሉ፣ እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ።

አሳሳቢው ልጁ ሲሠራ ከአካባቢው ርቆ የሚሄድ ከሆነ ነው። ከሰሜን ወሎ ደጋ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች የሚደረገው ወቅታዊ የጉልበት ሥራ ጉዞ ለረጅም ዓመታት የቆየ ነው፤ ከአዋቂዎች ጋር በዕድሜ ከፍ ያሉ ተማሪዎችም ይሄዳሉ። አረሙ በክረምት፣ አጨዳው ደግሞ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ስለሚውል፣ ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ይዞ እመለሳለሁ ብሎ የወጣ ተማሪ የምዝገባው ጊዜ ያልፈዋል። ሴቶች ልጆች ደግሞ ዘመድ ወዳለበት ከተማ ለቤት ሠራተኝነት ይሄዳሉ።

ለሴት ልጅ አጭሩ የጥር ዕረፍት ከክረምቱ ይልቅ አስጊ ሊሆን ይችላል። ጥርና የካቲት፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ የሠርግ ወራት ናቸው። የአማራ ክልል ለረጅም ጊዜ ያለዕድሜ ጋብቻ ከሚበዛባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በሕግ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሲሆን ያለዕድሜ ጋብቻን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በትምህርት ቤቶች የተቋቋሙ የሴት ተማሪዎች ክበባት በመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ወቅት አባሎቻቸው እንዳይጠፉ የሚከታተሉት ለዚህ ነው። ጓደኛዋ ልትዳር መሆኑን መጀመሪያ የምትሰማው ብዙውን ጊዜ አብራት የምትማረው ልጅ ናት።

የቄስ ትምህርት ቤት

በላስታ ከሁሉም በፊት የነበረው የልጆች ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ዓመቱን ሙሉ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ለብዙ ልጆች ወደ ክረምት ወራትና ወደ ቅዳሜና እሑድ ተገፍቷል። ልጁ በዓፀደ ቤተ ክርስቲያን፣ በዛፍ ጥላ ወይም በትንሽ ጎጆ ውስጥ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ከፊደል አቡጊዳ ይከተላል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል፣ በመጨረሻም 150ው መዝሙረ ዳዊት። ንባቡ ራሱ ደረጃ አለው፦ ፊደሉን ለይቶ በቀስታ ከሚባለው ግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ። ዳዊት የደገመ ልጅ ማንበብ የሚችል ሰው ተብሎ ይቆጠራል፤ ወላጆቹም ለየኔታ ምስጋና ያቀርባሉ፣ እንደ አቅማቸውም ይደግሳሉ።

ይህ ሥርዓት ከዕረፍት ጊዜ ጋር የሚስማማበት ምክንያት ከአደረጃጀቱ የመጣ ነው። በዕድሜ የተከፈለ ክፍል የለውም። ትናንት ፊደል የጨረሰ ልጅ ዛሬ ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ እየተዘዋወሩ ያርማሉ። ባለፈው ነሐሴ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያቆመ ልጅ በዚህ ሐምሌ ከዚያው ይቀጥላል እንጂ ያመለጠው ክፍል የለም። አንድ ልጅ ጠዋት መጥቶ ከብት ሊያወጣ ቢሄድ ትምህርቱ አይፈርስም። በክፍል ደረጃ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ግን አንድ ሳምንት የቀረውን ተማሪ መልሶ ለመያዝ ይቸገራል።

ድክመትም አለው። ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የሚነበበው ቋንቋ ግእዝ በመሆኑም ልጁ ፊደሉን እየለየ ትርጉሙን ላይረዳ ይችላል። ሴቶች ልጆች ከዚህ በፊት በጣም ጥቂት ነበሩ፤ አሁን በከተሞች ቁጥራቸው ቢጨምርም ከፊደልና ከዳዊት አልፈው ወደ ዜማና ቅኔ የሚዘልቁት አሁንም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። በላሊበላ ይህ መንገድ ለወንዶች ልጆች የተለየ ትርጉም አለው፤ በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚታወቁት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሁልጊዜ ዲያቆን ይፈልጋሉ፤ ክህነትም በብዙ ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው።

ከቤቱ ርቆ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከዚህ የተለየ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመነ ከደብር ደብር የሚዞረው ተማሪ ለዕረፍት ጊዜ ሳይሆን ለዓመታት ቤቱን ይተዋል። ያም ሆኖ ልጆች ከወላጅ ተለይተው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ ሥራ ተከፋፍለው በመምህር ሥር የሚኖሩበት አገር በቀል የማደሪያ ትምህርት ቤት ከተፈለገ የሚገኘው እዚህ ነው።

ፍልሰታ

ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ሌሎቹን አጽዋማት የማይጾሙ ትንንሽ ልጆች ጭምር የሚጾሙት ነው። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ እስከሚጠናቀቀው ቅዳሴ ምንም ሳይቀምሱ ቆይተው ይቆርባሉ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የቤተ ክርስቲያን ግቢ በልጆች ይሞላል፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማሉ፣ ሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት የሚከታተሉም አሉ። ማንም «ካምፕ» ብሎ ባይጠራውም፣ በተወሰነ ቀን ተጀምሮ በተወሰነ ቀን የሚያልቅ፣ ከሁሉም ቤት ልጆችን የሚሰበስብ፣ የራሱ ሥርዓትና መዝጊያ ያለው የዕረፍት መርሐ ግብር በላስታ ቢፈለግ ከፍልሰታ የሚቀድም አይገኝም። ሌሎች የክረምት ትምህርቶችም መርሐ ግብራቸውን ከቅዳሴው ሰዓት ጋር አስማምተው ያወጣሉ።

ቡሄና አሸንድዬ

ቡሄ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በዓሉ የወንዶች ልጆች ነው። ቀደም ብለው ከቃጫና ከልጥ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ በየኮረብታው እያጮሁ ከማዶ መንደር እረኞች ጋር ይፎካከራሉ። በዋዜማው በየቤቱ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ሙልሙል ዳቦም ይሰጣቸዋል። ልማዱ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ ቀን መስሏቸው ሜዳ ላይ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሄዱ ከሚለው ትውፊት ጋር ይያያዛል። ጅራፍ መግመድ፣ ግጥም ማውረድና የተገኘውን እኩል መካፈል ትልልቆቹ ለትንንሾቹ የሚያስተላልፉት ሙያ ነው።

አሸንድዬ የሴቶች ልጆች በዓል ሲሆን ጾሙ በሚፈታበት ዕለት፣ ነሐሴ 16፣ ይጀምራል። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ልጃገረዶቹ በወገባቸው ዙሪያ ከሚያስሩት ረጅም ለምለም ቅጠል ነው። መነሻውን አንዳንዶች ለኖኅ ለምለም ቅጠል ካመጣችው ርግብ ጋር፣ አንዳንዶች ከእመቤታችን ዕርገት ጋር፣ ሌሎች ደግሞ ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር ያያይዙታል።

ዝግጅቱ ከበዓሉ ቀናት ይረዝማል። ልጃገረዶች በሰፈርና በዕድሜ ይቧደናሉ፤ አውራጅና ከበሮ መቺ ይመርጣሉ፣ ዘፈን ይለማመዳሉ፣ ጥልፍ ቀሚስና ጌጥ ይዋዋሳሉ፣ ሹሩባ ይሠራራሉ። በበዓሉ ቀን መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያ በየደጁ እየዞሩ ይጫወታሉ። የሚሰጣቸውን ገንዘብና እህል የምትይዝ ልጅ አለች፤ በመጨረሻ ተቆጥሮ ይከፋፈላል ወይም በጋራ ይደገስበታል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስትቀዳና ስትፈጭ የከረመች ልጅ በእነዚህ ቀናት «ወዴት ሄድሽ?» አትባልም። ቡድን መምራት፣ በሰው ፊት መናገር፣ ገንዘብ መያዝና መቁጠር፣ ማለትም በሌላ ቦታ «የሴት ልጆች የአመራር ሥልጠና» ተብሎ በፕሮጀክት የሚሰጠው፣ እዚህ በባህሉ ውስጥ አለ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የላሊበላ ከተማ አስተዳደርና የባህልና ቱሪዝም አካላት በዓሉን በአደባባይ ያከብሩታል፤ መድረክ፣ የክብር እንግዳና የድምፅ ማጉያ አለው። ይህ ለከተማዋ ገቢና ለባህሉ መታወቅ ጠቅሟል። በሌላ በኩል በመድረክ ላይ ልጃገረዶቹ ሌላ ሰው ያወጣውን መርሐ ግብር ተከትለው የሚታዩ ይሆናሉ፤ በየሰፈሩ የሚደረገው ግን አሁንም በራሳቸው እጅ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤትና ሌሎች ሃይማኖታዊ ኮርሶች

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በክረምት ከእሑድ ውጭ ባሉ ቀናትም ልጆችን ይሰበስባሉ። መዝሙር፣ ከበሮ፣ መንፈሳዊ ድራማ፣ የግእዝ ቋንቋና የሃይማኖት ትምህርት ይሰጣል። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሱ የግቢ ጉባኤ ተማሪዎች ናቸው። ከቄስ ትምህርት ቤቱ የሚለየው ሴቶችና ወንዶች እኩል የሚሳተፉበት መሆኑ፣ ትምህርቱም በአማርኛ መሰጠቱ ነው። ሙስሊም ነዋሪ በሚበዛባቸው የሰሜን ወሎ ክፍሎች፣ በወልድያና በቆቦ አካባቢ፣ በዚሁ ወቅት ልጆች በመድረሳ ቁርኣን ይቀራሉ።

ከዘመቻ ወደ በጎ ፈቃድ

ተማሪን በትምህርት መዝጊያ ጊዜ ለአስተማሪነት የማሰማራት ሐሳብ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከ60,000 በላይ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል፤ ይህ ግን ትምህርት ተዘግቶ የተደረገ እንጂ የዕረፍት ሥራ አልነበረም። ለክረምቱ መርሐ ግብር ይበልጥ የሚቀርበው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዕረፍት ላይ የነበሩ ተማሪዎችና መምህራን ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥረዋል፤ ዘመቻውም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አግኝቷል። በዚያን ጊዜ በክረምት ወላጅ ይማር ነበር፣ ልጅ ያስተምር ነበር።

የዛሬው «የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት» ከዚያ ዘመቻ ግዴታውን ትቶ አደረጃጀቱን የወረሰ ይመስላል። ከየዩኒቨርሲቲው የተመለሱ ተማሪዎች በትውልድ ከተማቸው ለታናናሾቻቸው ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ያስተምራሉ፤ ከዚህ ጎን ለጎን ደም ልገሳ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ጥገናና ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ የሚደረገው ችግኝ ተከላ አለ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ቀን ሲሆን በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ይሰጣል። ጥንካሬው አስተማሪው የሰፈር ልጅ መሆኑ ነው፤ ተማሪው ከዚያው ሰፈር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ፊት ለፊቱ ያያል። ድክመቱ ቀጣይነት ነው፤ አስተማሪው ቀድሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተጠራ ትምህርቱ በመሐል ይቋረጣል።

የማጠናከሪያ ትምህርት ፍላጎት የጨመረበት አንዱ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ በኋላ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነዋል። ይህ ውጤት ክረምቱን ከጨዋታና ከንባብ ይልቅ ወደ ፈተና ልምምድ አዙሮታል። ለስምንተኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ አንብቦ መረዳት ለሚቸግረው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን የሚቀለውና የሚጠቅመው የተረት መጽሐፍ ነው። በዚህ ረገድ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ በሐዋሳ ደግሞ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆች እንዲሄዱ ያደረጉበት አሠራር ይጠቀሳል። መንገድ ለሌላቸው የደጋ ቀበሌዎች መጽሐፉ ወደ ልጁ ቢሄድ ልጁ ወደ መጽሐፉ ከሚሄድ የቀለለ ነው።

የሳይንስና የቴክኖሎጂ ካምፖች

በኢትዮጵያ «ካምፕ» የሚለው ስም በትክክል የሚገባቸው በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ (ስቴም) ማዕከላት የክረምት ሥልጠናዎች ናቸው። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት በቢሾፍቱ በፎቃ ማዕከል ጀምሮ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያሉ ማዕከላት እንዲቋቋሙ አግዟል። በአማራ ክልል የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ይታወቃል፤ በውጤታቸው የተመረጡ ተማሪዎች በክረምት በኤሌክትሮኒክስ፣ በኮምፒውተርና በቤተ ሙከራ ሥራ ይሠለጥናሉ። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) በየክረምቱ በአዲስ አበባ ለታዳጊዎችና ለወጣቶች ሥልጠና ያዘጋጃሉ።

ለላስታ ተማሪ ወደነዚህ ካምፖች መግባት ከችሎታ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ምዝገባውና የመግቢያ ውድድሩ በኢንተርኔት ከሆነ የመስመርና የመብራት ጉዳይ ይመጣል፤ ከተመረጠ ደግሞ የመጓጓዣ ወጪና የመንገዱ ደኅንነት አለ። ገበሬ ወላጅ ደግሞ ልጁን በአረም ወቅት ለአንድ ወር መልቀቅ አለበት።

ቱሪዝምና የከተማው ልጅ

ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ላሊበላ በኢትዮጵያ በብዛት ከሚጎበኙ ከተሞች አንዷ ሆናለች። የከተማዋ ልጅ የሥራ ወቅት ከገጠሩ ተቃራኒ ነው። ጎብኚ የሚበዛው በገናና በጥምቀት፣ ማለትም ትምህርት ባለበት ወቅት ነው፤ በክረምት ከተማዋ ጭር ትላለች። ጫማ የሚጠርግ፣ የእጅ ሥራ የሚሸጥ ወይም እንግዳ የሚከተል ልጅ በታኅሣሥ ከክፍል ይቀራል፤ በሐምሌ ግን ሥራ የለውም። ለከተማው ልጅ የክረምት ማካካሻ ትምህርት ከገጠሩ ይልቅ የሚመቸው ለዚህ ነው። ከጎብኚዎች ጋር በመነጋገር የተገኘ እንግሊዝኛም አለ፤ ንግግሩ ቀልጣፋ ሆኖ መጻፉ ላይ የሚደክም ተማሪ በላሊበላ የተለመደ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ

በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የላስታ ልጆች ዕረፍት ከሁለት ወር ወደ ሰባት ወር ገደማ ተራዘመ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርት መብራትና መሣሪያ በሌለበት ገጠር ብዙም አልደረሰም። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ቀድሞ የቀረው ትምህርት በማካካሻ ተሰጠ።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ይዞታዋ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተለዋወጠ። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፣ ቁሳቁስ ተዘረፈ፣ መብራት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሳው ግጭት ላሊበላን ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ደረሰ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ሁለቱም ግጭቶች ወደ ከተማዋ የደረሱት በክረምት ዕረፍት ላይ ስለነበር፣ በሰኔ ካርዱን ተቀብሎ የወጣ ልጅ በመስከረም የሚመለስበት ክፍል አላገኘም። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሪፖርቶች ያመለክታሉ።

በዚህ ሁኔታ «የዕረፍት መርሐ ግብር» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተቀይሯል። ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘግቶ ለከረመበት ቀበሌ የክረምቱ ማጠናከሪያ ተጨማሪ ሳይሆን የዓመቱ ዋና ትምህርት ሊሆን ይችላል። በተፈናቃዮች መጠለያዎች በዩኒሴፍና በአጋሮቹ የሚደገፉ «ለሕፃናት ምቹ ቦታዎች» ጨዋታን፣ ሥዕልንና የሥነ ልቦና ድጋፍን አጣምረው ይሰጣሉ። በገጠሩ መደበኛ ክፍል ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት የቄስ ትምህርት ቤቱ ብዙ ነገር አይፈልግም ነበር፤ የኔታ፣ ዳዊቱና የዛፉ ጥላ ይበቁታል። ፊደል ለይተው ማንበብ የቻሉ ትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ለአንደኛ ክፍል መምህራቸው ሥራ ያቀልላሉ፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለባቸው።

የአዲሱ ዓመት ምዝገባ የሚካሄደው በአብዛኛው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፣ አሸንድዬ አልቆ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ነው። መምህራን ያልተመዘገበውን ልጅ ለማወቅ ያለፈውን ዓመት ስም ዝርዝር ይዘው በየቀበሌው ይዞራሉ፤ ብዙ ጊዜ ልጁ የት እንዳለ የሚነግሯቸው አብረውት ከብት ሲጠብቁ የከረሙት ጓደኞቹ ናቸው።